ሙያ በልብ ብቻ አይበቃም

በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ስለ ትምህርት የሚደረገው ክርክር ዘወትር አንድ መልክ አለው። ስለ ነጥብ፣ ስለ ምደባ፣ ስለ ዲግሪ፣ ከምረቃ በኋላ ስለሚገኘው ወይም ስለማይገኘው ሥራ እንከራከራለን። ጉዳዩ የራሳችን ነውና መከራከራችን አያስነቅፍም። ነገር ግን ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው ተምረው ፈተናው የለያቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የት ደረሱ ብለን የምንጠይቅበት ቀን ጥቂት ነው።

ቁጥሩ ራሱ ይናገር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። ጥቂቶቹ በማካካሻ ትምህርት ገቡ እንበል። የቀረውስ? የቀረው ሕዝብ ወደ ሙያ ማሠልጠኛ፣ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ጋራዥ፣ ወደ ሕንጻ ሥራ፣ አለዚያም ወደ ስደት ይሄዳል። እንግዲህ የአገራችን ወጣት አብዛኛው ክፍል ሙያ የሚማረው፣ የሚማር ከሆነ፣ በሥራ ቦታ ነው ማለት ነው። ታዲያ በሥራ ቦታ የሚሰጠውን ትምህርት ማን ያዘጋጃል? ማን ይቆጣጠራል? ተማሪው ሲጨርስስ ምን ይዞ ይወጣል? ዛሬ ልንጽፍበት የተነሣነው ጉዳይ ይህ ነው። ሐሳባችንንም ከወዲሁ በግልጽ እናስቀምጣለን። የሥራ ላይ ሥልጠና ለአሠሪው ብቻ ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ሊተው አይገባም። የሠራተኛ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር እኩል ተቀምጦ ሊወስነውና ሊቆጣጠረው ይገባል። ማኅበሩም ይህን እንደ ጭማሪ ደመወዝ ሁሉ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ሊጠይቀው ይገባል እንላለን።

አገራችን ባለእጅን እንዴት ስትመለከት እንደኖረች ማስታወስ ያስፈልጋል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚፍቀውን ፋቂ እያልን ያዋረድን ሕዝብ ነን። ነገሩ ከመጠን ማለፉን ያዩት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መሳደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ቀነሰ እንጂ መንፈሱ ፈጽሞ የጠፋ አይመስለንም። ዛሬም በብዙ ቤት ልጁ ወደ ሙያ ማሠልጠኛ ሲመደብ ለቅሶ እንደ መድረስ የሚቆጠር ነው። በኛው በአርት ፋኩልቲ ውስጥ ስንቶቻችን ነን ካቻቢቴ ይዘን የተበላሸ ሶኬት የምንፈታ?

ትምህርት ቤት አልተሠራም ለማለት ግን አይቻልም። ከጣልያን ወረራ በኋላ የተከፈተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ከዚያም ወዲህ በየክልሉ የሙያ ኮሌጆች ተከፍተዋል። ነገር ግን የትምህርት ቤት ማሽን አንድ ነገር ነው፤ የፋብሪካ ማሽን ሌላ ነገር ነው። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በከተማይቱ ባለው የጥገና ቤት ስንቱ ድሬዳዋዊ መካኒክነትን፣ ብየዳንና ቅርጽ ማውጣትን ተማረ! ያን ሁሉ ሰው ያስተማረው ሥራው ራሱና አጠገቡ የቆመው ነባር ሠራተኛ ነው። በሶማሌ ተራ አካባቢ ባለ ጋራዥ ቁልፍ እያቀበለ የሚያድገውም ረዳት እንዲሁ ነው። ሞተሩን በጆሮው እያዳመጠ፣ ቆሽሾና ተቆጥቶበት፣ ከዓመታት በኋላ መካኒክ ይሆናል።

ይህን የተረዱት የሙያ ትምህርት ፖሊሲ አውጪዎች የትብብር ሥልጠና የሚባለውን ሥርዓት አመጡ። ሠልጣኙ ከጊዜው 70 ከመቶውን በድርጅት ውስጥ በተግባር፣ 30 ከመቶውን በማሠልጠኛው በንድፈ ሐሳብ እንዲማር የሚል ነው። በወረቀት ላይ ሲያዩት ደስ ያሰኛል። በተግባር ግን ምን ይሆናል? ከሠልጣኞች ጋር የተነጋገረ ሁሉ የሚሰማው አንድ ነው። ድርጅቱ ሠልጣኙን ደብዳቤ ተቀብሎ ያስገባዋል፤ ማሽን ግን አያስነካውም። «ይሰብርብኛል» ይላል። ወለል ያስጠርገዋል፣ ዕቃ ያሸክመዋል፣ ሻይ ያስመጣዋል። ወሩ ሲያልቅ ቅጹ ላይ ማኅተም ይመታለታል። 70 ከመቶው በዚህ አለቀ ማለት ነው።

አሠሪውን ብቻ ለመውቀስ አልተነሣንም። አሠሪውም የሚለው አለው። «ጊዜዬንና ጨርቄን አባክኜ፣ መርፌ አሰብሬ አሠለጥናለሁ፤ ሙያውን ሲይዝ ጎረቤቴ በጥቂት ብር ጨምሮ ይወስድብኛል፤ ታዲያ ለማን ብዬ ነው የማሠለጥነው?» ይላል። ሠራተኛው ደግሞ በበኩሉ «ሙያዬ አደገ፤ ደመወዜ ግን ከገባሁበት ቀን ጋር አንድ ነው፤ ለምን እቆያለሁ?» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዱ የማያሠለጥነው ሌላው ስለሚሄድ ነው፤ ሌላው የሚሄደው አንዱ ለሙያው ስለማይከፍል ነው። ዶሮና እንቁላል ሆኖ ተቀመጠ።

ይህ እንዴት እንደሚያከትም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ተስፋው ታላቅ ነበር። ከሲዳማ ገጠርና ከአካባቢው በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ንግድ ትምህርት ቤት ባወጣው ጥናት መሠረት መነሻ ደመወዙ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር፤ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ በአዲስ ይተኩ ነበር። ይህን አንባቢ ቆም ብሎ ያስበው። ኮሌታ መግጠም የተማረች ልጅ እጇ በተፍታታ ጊዜ ትሄዳለች፤ በቦታዋ ክር መሰካት የማታውቅ ሌላዋ ትገባለች፤ ዓመት ሲሞላ እንደገና ከሀ ይጀመራል። በዚህ አኳኋን ፋብሪካ ምርታማ ሊሆን አይችልም። ሠራተኛም ባለሙያ ሊሆን አይችልም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። በአገራችን ጦርነት ሆነ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከፓርኩ ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ፒ.ቪ.ኤች. ፋብሪካውን ለመዝጋት መወሰኑን አስታወቀ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችው የአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ንግድ ታገደ። ሥራ ቀነሰ፤ ብዙ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጥያቄያችን ይህ ነው። ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት የሠራችው ልጅ ከፋብሪካው በር ስትወጣ ምን ይዛ ወጣች? ሙያው በጣቶቿ ውስጥ አለ። ነገር ግን ማንም ካልመዘነው፣ ማንም ካልጻፈው፣ ማንም ካልፈረመበት፣ ሌላ ከተማ ሄዳ ሌላ በር ስታንኳኳ አዲስ ገቢ ናት። እንደገና ከመነሻው ደመወዝ ትጀምራለች። አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ለጀግና ይህ ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል። ለፋብሪካ ሠራተኛ ግን በልብ ብቻ የተቀመጠ ሙያ ዋጋ አያወጣም።

እንግዲህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል። ያም የሠራተኞች ማኅበር ነው።

የኢትዮጵያ ሠራተኛ የመደራጀት መብቱን በቀላሉ አላገኘውም። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌ፣ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ዐዋጅ ቁጥር 210 በሩን ከፈቱ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። የወንጂ ስኳር፣ የባቡርና የሌሎችም ድርጅቶች ሠራተኞች ለዚህ የከፈሉት ዋጋ ቀላል አልነበረም። ማኅበሩ በደርግ ዘመን ፈረሰ፤ በሌላ ስምና በሌላ መልክም ተተካ፤ በኋላም የዛሬው ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። በዚህ ሁሉ ዘመን የማኅበራት ጥያቄ በአብዛኛው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ሥራ ልብስና ሳሙና፣ ያለ አግባብ ስለ መባረር ነበር። እነዚህ ሁሉ የሚገቡ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱም ይቅር አንልም። ነገር ግን ሥልጠና ከዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ቢገኝ እንኳ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው መስመር ላይ ነው።

ሕጉ ግን በሩን ዘግቶ አያውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይደነግጋል። የኅብረት ስምምነት ሊወስናቸው ከሚችላቸው ጉዳዮች መካከልም ሠራተኞች በዕድገት፣ በደመወዝ፣ በዝውውርና በቅነሳ ነገር የሚኖራቸውን ተሳትፎ ይቈጥራል። ልብ በሉ፤ ሥልጠና ከዕድገትና ከደመወዝ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ሦስቱ የማይነጣጠሉ ናቸው። የጎደለው ሕግ አይደለም፤ የተጻፈውን አንሥቶ የሚጠይቅ ነው።

«ይህ ሕልም ነው፤ አሠሪና ሠራተኛ እንዴት አብረው ያስተምራሉ?» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ የሌላውን ዓለም ልምድ በጥቂቱ እንመልከት።

የመጀመሪያዋ ጀርመን ናት። በዚያ አገር ወጣቱ ለድርጅት በሠልጣኝነት ውል ገብቶ፣ ከሳምንቱ የተወሰነውን ቀን በሥራ፣ የተወሰነውን በሙያ ትምህርት ቤት ያሳልፋል፤ በሠልጣኝነቱም ዘመን አበል ይከፈለዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ ይህን ለመላው አገሪቱ አንድ ወጥ አደረገው። ዛሬ ከ300 የሚበልጡ ሙያዎች በዚህ ሥርዓት ይሰጣሉ፤ ሥልጠናውም በአብዛኛው ከሁለት ዓመት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ለእኛ ክርክር የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ሙያ ምን እንደሚማር የሚወስነው ደንብ ሲዘጋጅ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ማኅበራት ባለሙያዎች አብረው ይቀመጣሉ። የመጨረሻው ፈተና በሚሰጥበት ጊዜም በፈታኞች ጉባኤ ውስጥ የአሠሪና የሠራተኛ ወኪሎች ቁጥራቸው እኩል ነው፤ ቢያንስ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት መምህርም ይጨመራል። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን ያየ አሠሪ ሁሉ ያምነዋል፤ ሠራተኛውም ያምነዋል። ወረቀቱ በሙኒክ ቢሰጥ በሃምቡርግ ይሠራል። አሠሪው «ይሄድብኛል» ብሎ አያለቅስም፤ ጎረቤቱም ያሠለጥናልና አንዱ ሲሄድበት ሌላው ይመጣለታል።

ሁለተኛው ምሳሌ የገዛ ወገኖቻችን ያሉበት ነው። በአሜሪካ በኔቫዳ ግዛት፣ በላስ ቬጋስ ከተማ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ብዙዎቹ ታክሲ ነጂዎች ናቸው፤ ሌሎቹ በታላላቆቹ ሆቴሎች ውስጥ አልጋ ያነጥፋሉ፣ ምግብ ያበስላሉ፣ ያስተናግዳሉ። የእነዚህ ሆቴሎች ሠራተኞች በምግብና መስተንግዶ ሠራተኞች ማኅበር፣ በቁጥር 226 ቅርንጫፍ ተደራጅተዋል። ማኅበሩ 60,000 ያህል አባላት አሉት፤ አባላቱም ከ170 በላይ ከሆኑ አገሮች የመጡ መሆናቸውን ይናገራል። ይህ ማኅበር ከሆቴል ባለቤቶች ጋር በመስማማት እ.ኤ.አ. በ1993 ኩሊናሪ አካዳሚ ኦፍ ላስ ቬጋስ የሚባለውን ማሠልጠኛ አቋቋመ። ገንዘቡ በኅብረት ስምምነቱ መሠረት አሠሪዎች ከሚያዋጡት ይመጣል፤ አስተዳደሩ የሁለቱም ወገን ነው። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው አልጋ አነጣጠፍ ተምሮ ሥራ ይገባል፤ አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ወጥ ቤት መግባት ብትፈልግ ምግብ ሥራ ተምራ ወደ ተሻለ ደመወዝ ትሻገራለች። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2023 በተፈረሙት ውሎች ደግሞ ማኅበሩ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ ሥራ የሚነካ በሆነ ጊዜ ሠራተኛው አስቀድሞ እንዲነገረውና እንዲሠለጥን አስፈርሟል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ። ተቃውሞው ከሁለት ወገን ይመጣል፤ ሁለቱም ሊናቁ አይገባም።

አንደኛው ከኛው ከተማሪዎች መካከል ነው። «ማኅበር የተፈጠረው ለትግል ነው፤ ከአሠሪ ጋር ማሠልጠኛ ሲከፍት የአሠሪ አሽከር ይሆናል» ይላሉ። ማስረጃ ቢጠየቁም አያጡም። በአሜሪካ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበርና የክራይስለር ኩባንያ በጋራ ያቋቋሙት የሥልጠና ማዕከል ነበር። የኩባንያው ሹማምንት በዚሁ ማዕከል ገንዘብ በኩል ለማኅበሩ መሪዎች ጉቦ ሲያቀብሉ መኖራቸው በፍርድ ቤት ተረጋገጠ፤ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ታሠሩ፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2021 ጥፋቱን አምኖ 30 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ለሠራተኛው ልጅ ሙያ የተባለው ገንዘብ ለመሪዎች ድግስና ጌጥ ዋለ። ውሻ በበላበት ይጮኻል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

መልሳችን ምንድን ነው? ጉቦ የመጣው ከሥልጠናው አይደለም፤ ሒሳቡን አባላቱ ባለማየታቸው ነው። አብሮ ማሠልጠን ከትግል ጋር የማይስማማ አለመሆኑን ደግሞ ያው የላስ ቬጋሱ ማኅበር ያሳየናል። አካዳሚው በተቋቋመበት በ1993 ዓመት ያው ማኅበር ፍሮንቲየር በተባለው ሆቴል ላይ አድማ መትቶ ነበር። አድማው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1991 ተጀምሮ እስከ የካቲት 1998 ድረስ ከስድስት ዓመት በላይ ቆየ። 550 ያህል የሆቴሉ ሠራተኞች ወጥተው አንዳቸውም ተመልሰው ሳይገቡ አሸነፉ። እንግዲህ በአንድ እጅ ከሌሎች አሠሪዎች ጋር ትምህርት ቤት ይሠራል፤ በሌላ እጅ የአድማ ሰልፍ ይይዛል። ደካማ ማኅበር በሥልጠናም በደመወዝም ይሸጣል፤ ብርቱ ማኅበር በሁለቱም ይቆማል። ጥያቄው የማኅበሩ ብርታት ነው እንጂ የሥልጠናው መኖር አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበናል፤ ከውጪ የቆሙትን የሚመለከት ነውና። «ማኅበርና አሠሪ ተስማምተው በሩን ከያዙት ማን ያስገባናል?» የሚል ነው። ይህም ሆኖ ያውቃል። በኒው ዮርክ ከተማ የቆርቆሮ ሠራተኞች ማኅበር 28ኛ ቅርንጫፍ ከሥራ ተቋራጮች ጋር በጋራ የሠልጣኞች ኮሚቴ ነበረው። ያ ኮሚቴ ለብዙ ዓመታት ጥቁሮችንና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሰዎችን ከሥልጠናው ሲያገል ኖረ። ነገሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1986 በማኅበሩ ላይ ተፈረደበት። ሠራተኛ የሠራተኛን ልጅ በቆዳው ቀለም ከበር መለሰ ማለት ነው። ይህ በእኛ አገር ቢመጣ መልኩ ሌላ ይሆናል። በዘመድ፣ በአገር ልጅነት፣ በቋንቋ ይሆናል። «የእገሌ ልጅ ነው፤ አስገባው» ይሆናል። ሴቶችም «ብየዳ ለሴት አይሆንም» ተብለው ይቀራሉ። ይህን አስቀድሞ ያልተከላከለ የጋራ ሥልጠና ከዛሬው የባሰ ነው።

ሌሎች ደግሞ «አገራችን ውስጥ ብዙው ድርጅት ትንሽ ነው፤ አምስት ሠራተኛ ያለው ጋራዥ ማኅበር የለውም፤ ማንን ከማን ጋር ልታስቀምጡ ነው?» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን አምስት ጋራዥ ለየብቻው የማይችለውን ሃያ ጋራዥ ባንድነት ይችለዋል። በጀርመንም ትንንሾቹ የእጅ ሙያ ድርጅቶች ብቻቸውን የማያስተምሩትን ክፍል በጋራ ማሠልጠኛ ያስተምራሉ። በእኛም የኢንዱስትሪ ፌዴሬሽኖች አሉ፤ የአሠሪዎች ማኅበራት አሉ፤ በየከተማው የሙያ ኮሌጅ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አለ። መንግሥት ደረጃውን ያወጣ፣ ምዘናውን ይጠብቅ። ግን ማሽኑ የአሠሪው ነው፤ ሙያው የሠራተኛው ነው። ባለ ማሽኑና ባለሙያው ሳይስማሙ ሚኒስቴሩ ብቻውን የሚያመጣው ነገር የለም። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።

ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች በሚመጣው የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ የሚከተሉትን እንዲያነሡ በአክብሮት እናሳስባለን።

1ኛ/ ሠልጣኝ የሚቀበል ድርጅት ሁሉ በየወሩ ምን እንደሚያስተምር በጽሑፍ ያስታውቅ፤ ከነባር ሠራተኞች አንድ አሠልጣኝ ይመደብ፤ አሠልጣኙም ለድካሙ አበል ይከፈለው። ነባር ሠራተኛ «ካስተማርሁት ቦታዬን ይወስድብኛል» ብሎ ሙያውን የሚደብቀው ማስተማሩ ጥቅም ስለማያስገኝለት ነው።

2ኛ/ ምዘናው የአሠሪና የሠራተኛ ወኪሎች እኩል ሆነው፣ የሙያ መምህር ተጨምሮ ይካሄድ። የምስክር ወረቀቱ የሠራተኛው ንብረት ይሁን፤ አሠሪ በመሳቢያው ቆልፎ መያዣ አያድርገው።

3ኛ/ ደረጃ በደረጃ የተመዘነ ሙያ ደረጃ በደረጃ ደመወዝ ይኑረው። ያለዚህ የቀረው ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሠራተኛው እንዲቆይ የሚያደርገው ግዴታ ሳይሆን ዕድገት ነው። አሠሪው ካሠለጠነ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እንዲያገለግለው ቢፈልግ ጊዜው አጭርና በውሉ የታወቀ ይሁን፤ ጋብቻ አይሁን።

4ኛ/ የሥልጠናው ገንዘብ ሒሳብ በየዓመቱ ለጠቅላላው አባላት በአደባባይ ይነበብ። የክራይስለሩ ነገር የሚያስተምረው ይህን ነው።

5ኛ/ የሠልጣኞች ምርጫ በግልጽ ማስታወቂያና በግልጽ መመዘኛ ይሁን። ሴቶች በሁሉም ሙያ ይግቡ። ከተመረጡት ውስጥ የተወሰነው ክፍል ከድርጅቱ ውጪ ካሉ ሥራ ፈላጊዎች ይሁን። የ28ኛው ቅርንጫፍ ነገር የሚያስተምረው ደግሞ ይህን ነው።

«ይህ ሁሉ ለሠራተኛውና ለአሠሪው ነው፤ እናንተ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ምን አገባችሁ?» የሚለን ቢኖር ያገባናል እንላለን። ወደ አገራችን የሚገባው ማሽን መመሪያው በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ የተጻፈ ነው። በፊቱ የተቀመጠችው ልጅ አፏን የፈታችው በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል የሚሞላው ቋንቋ ነው፤ ቋንቋ ደግሞ የእኛ ትምህርት ነው። የሥልጠና መመሪያዎችን ሠራተኛው በሚያውቀው ቋንቋ፣ ሠራተኛው ራሱ በሚጠራቸው ቃላት መጻፍ እንችላለን። ጋራዡ ለእያንዳንዱ ብሎን ስም አለው፤ ስፌቱ ለእያንዳንዱ ቅድ ስም አለው። መዝገበ ቃላት ውስጥ የማይገኙትን እነዚህን ቃላት ሄዶ ከባለሙያው አፍ መሰብሰብ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የማይበቃ ርእስ ነውን? የማኅበራት መሪዎች የኅብረት ስምምነት ረቂቅ ሲያዘጋጁ የሕግ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን፣ የማሠልጠኛ ሒሳብ ሲያሰሉ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች፣ የማታ ትምህርት ሲከፈት ሁላችንም ልናግዝ እንችላለን። ይህን የምንለው ሠራተኛውን ልናስተምር ብቻ አይደለም። ብዙ የምንማረው ከእርሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኛም ዲግሪያችንን ይዘን እንወጣለን። በዲግሪው ላይ ፊርማና ማኅተም አለ፤ በየደረስንበት ይነበባል፤ አራት ዓመት ምን እንደሠራን ይመሰክርልናል። ለአራት ዓመት ስፌት መኪና ላይ ለተቀመጠችው እኅታችንስ ምን ይመሰክርላታል? እርሷም በየደረሰችበት የሚነበብ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ጋር የሚያድግ ደመወዝ ይገባታል። ይህን ሊያስገኝላት የሚችለው ከአሠሪው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚነጋገር፣ ሲያስፈልግም የሚነሣ ማኅበር ነው። ማኅበራቱ በሚመጣው ድርድር ሥልጠናን ከመጨረሻው መስመር ወደ መጀመሪያው ገጽ ያውጡት።